ጉበቱ ለማን ይድረስ?

በማኅበራችን የመጋቢት ወር ስብሰባ ላይ፣ በእንስሳት ጤና ሙያ ስትሠራ የኖረች አባላችን ያደረገችው ንግግር

በዐቢይ ጾም መካከል ቆሜ ስለ ጉበት ላወራችሁ ነውና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምራቃችሁን ዋጥ አድርጋችሁ ስሙኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ወር ነው። ለፋሲካ ስለምናርደው በሬ ስንነጋገር ጸሐፊያችን «ጉበቱስ እንዴት ይሁን?» ብላ ብትጠይቅ ቤቱ ተናወጠ። አንዷ «ጉበትማ እንደ ወትሮው ለሚያርዱትና ለሚገፍፉት ወንዶች ነው» አለች። ሌላዋ «ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፣ ደም አንሷታል ተብላለች፣ ለእሷ ይሰጥልኝ» አለች። ከኋላ በኩል ደግሞ «ኧረ ተይ፣ እንግሊዝ አገር ያለችው እህቴ ነፍሰ ጡር ጉበት እንዳትበላ ሐኪም ከልክሏታል» የሚል ድምፅ መጣ። «እናቶቻችን በልተው አይደል እንዴ እኛን የወለዱን?» ያለችም ነበረች። ሃያ አምስት ዓመት በዚሁ በፎገራ ሜዳ ላይ ከብት ሳክም፣ ሥጋም ስመረምር ስለኖርኩ «አንቺ አስቢበትና መልሱን ይዘሽ ነይ» ተባልኩ። አሰብኩበት። የሁላችሁም ንግግር ውስጥ እውነት አለ። ነገሩን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

ከራሴ ልጀምር። የተወለድኩት ላይ ጋይንት ነው። በ1977 ዓ.ም. በዚያ በክፉ ቀን የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቀን ቀን ከማንም ልጅ እኩል እሮጣለሁ። ፀሐይ ጥልቅ ስትል ግን እንደ ዶሮ ነበርኩ። ከምሰሶ ጋር እጋጫለሁ፣ እንስራ አንኳልዬ ውሃ እደፋለሁ፣ ወንድሞቼ ይስቃሉ። እናቴ ተንኮል መስሏት ገርፋኛለች። ያወቀችው አያቴ ናት። አንድ ማታ እጇን ዓይኔ ፊት አወዛወዘችና «ይቺን ልጅ አትምቷት፣ ዳፍንት ይዟታል» አለች። በዚያ ቀን ከየት እንዳገኘችው እንጃ፣ የፍየል ጉበት በቅጠል ጠቅልላ አመጣች። ፍም ላይ አብስላ እየቆረሰች አጎረሰችኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ የምድጃውን ዳር፣ ከምድጃው ማዶም የአያቴን ፊት አየሁ።

ምክንያቱን ያወቅኩት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ዓይን በጭላንጭል ብርሃን ለማየት ቫይታሚን ኤ ያስፈልገዋል። እሱ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የምሽት እይታ ነው። ዝም ከተባለ ዓይኑ ይደርቃል፣ ነጩ ላይ አረፋ የመሰለ ነጥብ ይወጣል፣ ኋላም የዓይኑ መስታወት ይቆስልና ብርሃን ይጠፋል። ነገሩ በዓይን ብቻ አያበቃም። ሕፃን ልጅ ኩፍኝንና ተቅማጥን የሚቋቋምበት አቅም በዚሁ ቫይታሚን ይደገፋል። ከዓመታት በፊት በአገር አቀፍ ደረጃ የሕፃናት ደም ሲመረመር ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ የሚሆኑት ይህ ቫይታሚን አንሷቸው ተገኝቷል። አብዛኞቹ ዳፍንት እንኳ አልያዛቸውም። ደህና የሚመስሉ፣ ግን ትንሽ ሕመም ሲመጣ የሚወድቁ ልጆች ናቸው።

ታዲያ ለምን ጉበት? ጉበት ጎታ ስለሆነ ነው። እኛ በጥር ወቅተን ጎታ ውስጥ አድርገን ክረምቱን እንደምንወጣው፣ የከብትም የሰውም ሰውነት የሚያስቀምጠውን ቫይታሚን ኤ አብዛኛውን የሚያኖረው ጉበት ውስጥ ነው። በለምለሙ ጊዜ ይሞላል፣ በደረቁ ጊዜ ይቀንሳል። ልጆቻችን በየስድስት ወሩ የሚሰጣቸው ጠብታም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው ሰማያዊው እንክብል፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ላለው ቀዩ ይሰጣል። አንድ ቀን የተዋጠው በልጁ ጉበት ተቀምጦ ለወራት ይቀለባል። «ልጄ ባለፈው ወስዷል፣ ዛሬ ይቅር» የምትሉ እናቶች፣ ጎታው በስድስት ወር ውስጥ እንደሚጎድል አስቡ።

የጎታውን መሙላትና መጉደል ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ በቅቤ ቀለም። የመስከረም ቅቤ ምን ይመስላል? ቢጫ ነው፣ እንደ አደይ። የሚያዝያው ግን ነጭ ነው። ገዢዋ ገበያ ላይ «ይሄ ምን ተቀላቅሎበታል?» ብላ የምትጨቃጨቀው ምንም ሳይቀላቀልበት ነው። ቢጫው ቀለም ከለምለም ሣር የመጣ ነው። ላሟም እኛም ቫይታሚን ኤ የምንሠራበት ጥሬ ዕቃ እሱ ነው። ላም ደረቅ ገለባ ስትበላ ቅቤዋ ይነጣል፣ ጉበቷም ይራቆታል። አራስ እናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣት ወተትም ቢጫ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ያንን አልባችሁ የምትደፉት እናቶች ካላችሁ፣ የመስከረም ቅቤ እየደፋችሁ እንደሆነ ቁጠሩት።

አሁን ደግሞ ሜዳችንን እዩት። ድሮ የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራው ርብና ጉማራ ሞልተው ሲመለሱ ትተውት በሚሄዱት ሣር ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግና ላይ ሩዝ አስጀመሩ፣ ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ሆናለች፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ቆሟል። ሩዝን አልነቅፍም፤ ልጆቼን ያስተማርኩት በሩዝ ነው። ነገር ግን የግጦሹ መሬት ታርሷል፣ ከብታችን አብዛኛውን ዓመት የሩዝ ገለባ ይበላል። ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ጎታ አይሞላም። የተፈተገ ነጭ ሩዝም ለእኛ ቫይታሚን ኤ የለውም። ጤፍም ቢሆን በዚህ በኩል አይመካም። ስለዚህ በእንጀራው ላይ የሚወጣው ወጥ ነው ወሳኙ።

ስለ ቅቤ ካነሣሁ አይቀር አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልንገራችሁ። ዴንማርክ እንደ ፎገራ ላም የሚረባባት አገር ናት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቅቤዋ ለውጭ ገበያ በጥሩ ዋጋ ይሸጥ ነበር። የድሃ ልጆች ቅባቱ የወጣለት ወተት፣ ልክ እንደ እኛ አሬራ፣ እና የአትክልት ማርጋሪን ይበሉ ነበር። ካርል ብሎክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ዓይናቸው እየደረቀ የሚታወሩ ልጆች በዙበት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1917 መጨረሻ ጦርነቱ የባሕሩን መንገድ ሲያጠብበው ቅቤው አገር ውስጥ ቀረ፣ በራሽንም ለድሃው ቤት ደረሰ። የልጆቹ የዓይን በሽታ ጠፋ። ጦርነቱ ሲያልቅ ቅቤው መርከብ ላይ ወጣ፣ በሽታውም ተመለሰ። ላሞቹ እነዚያው ናቸው። የተለወጠው ቅቤው የሚሄድበት መንገድ ነው።

እኛም ቅቤውን ለወረታ ገበያ፣ አሬራውን ለልጆቻችን ነው የምናደርገው። ቅቤ አትሽጡ አልልም፣ የልጅ ደብተርና ጨው የሚገዛው ከዚያ ነው። ከእያንዳንዱ ንጥር አንዲት ማንኪያ ለሕፃኑ ገንፎ ማስቀረት ግን ገበያውን አያጎድለውም።

ወደ ጉበቱ ልመለስ። አንዲት ሴት በቀን የሚያስፈልጋት ቫይታሚን ኤ 700 ማይክሮግራም ገደማ ነው። የምታጠባ ከሆነች ወደ 1,300 ይወጣል፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከ300 እስከ 400 ይበቃዋል። አንድ እንቁላል ወደ 75 ይሰጣል። መቶ ግራም የበሬ ጉበት ግን ጥሬውን 5,000፣ በስሎ ውሃው ሲቀንስ እስከ 9,000 ይይዛል። መቶ ግራም ማለት የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ናት። የአንዲትን ሴት የሳምንት ፍላጎት ይዛ ትተርፋለች። የበሬ ሙሉ ጉበት ሦስት ኪሎ ቢመዝን፣ በትንሹ ብናሰላው፣ የአንዲት ሴት የሰባት ወር ስንቅ ነው። እርግጥ ይህ ስሌት በውጭ አገር ከብት የተሠራ ነው። የፋሲካ በሬ ስድስት ወር ገለባ የበላ ስለሆነ ከዚያ ያነሰ መያዙ አይቀርም። የመስቀል በሬ ይሻላል። ቢሆንም በቤታችን ከሚገኝ ከማንኛውም ምግብ ይልቃል።

ያንን ሁሉ ስንቅ በፋሲካ ጠዋት አምስት ወንዶች ካራቸውን እንደያዙ፣ በሚጥሚጣ እያጠቀሱ፣ ጥሬውን ይጨርሱታል። ወንድሞቻችን ናቸው፣ ደክመዋል፣ አልቀየማቸውም። ከአምስቱ ግን ማታ ማታ ከምሰሶ ጋር የሚጋጭ ማን አለ?

እዚህ ላይ እንግሊዝ አገር ወዳለችው እህት ነገር እንመጣለን። እህትሽ አልዋሸችሽም። ቫይታሚን ኤ እንደ ብዙዎቹ ቫይታሚኖች በሽንት ተጠርጎ የሚወጣ አይደለም። ጎታ ውስጥ የሚከማች ነገር ሲበዛ ጎታውን ይሰነጥቃል። ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1597 በሰሜን ዋልታ በረዶ የያዛቸው የኔዘርላንድ መርከበኞች የዋልታ ድብ ገድለው ጉበቱን በሉ። ሁሉም ታመሙ፣ ሦስቱማ ከራስ እስከ እግራቸው ቆዳቸው ተላጠ። የዚያ ድብ ጉበት ከበሬ ጉበት ብዙ እጥፍ ቫይታሚን ኤ ያከማቻል። የእኛ በሬ እንዲህ አያደርግም። ነገር ግን በየቀኑ፣ ለወራት፣ በብዛት የሚበላው ሰው ራስ ምታት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የጉበት መጎዳት ሊያገኘው ይችላል።

ለነፍሰ ጡር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የፅንሱ ልብ፣ ፊት፣ አንጎል በሚሠራባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእንስሳት የሚገኘው ቫይታሚን ኤ ከመጠን ሲያልፍ ፅንሱን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለአዋቂ በቀን ከ3,000 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል፣ ለነፍሰ ጡርም ያው ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮች ጉበት ጭራሽ እንዳይበሉ ትመክራለች። እንግሊዛዊቷ ቁርሷ እንቁላል፣ ምሳዋ ሥጋ፣ ማታዋ ወተት ነው፤ ጎታዋ ሙሉ ስለሆነ ጉበት ቢቀርባት አትጎዳም። የእኛዋ ሃምሳ አምስት ቀን ጾማ፣ በእርግዝናዋ መጨረሻ ማታ ማታ እየተደናበረች የምትሄድ ልትሆን ትችላለች። አንዱን ምክር ያለ ሚዛን ቀድተን ብናመጣው ሌላ በደል ይሆናል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ወር የቀረባትና የመጀመሪያ ሦስት ወሯ ላይ ያለች ጉበት ትተው። ቫይታሚኑን ከጎመን፣ ከካሮት፣ ከዱባ፣ ከማንጎ፣ ከፓፓያ ታግኘው። ከቅጠልና ከአትክልት የሚመጣው ሰውነት የሚያሻውን ያህል ብቻ ስለሚለውጠው ፅንስ አይጎዳም። ወጣችንን የሚያቀላው በርበሬም በዚህ በኩል የሚናቅ አይደለም። ብቻ ትንሽ ዘይት ይኑርበት፣ ያለ ቅባት ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ከአራተኛው ወር በኋላ በበዓል ቀን ሁለት ጣት የምታህል የበሰለች ቁራጭ፣ 30 ግራም ገደማ፣ ከወሰኑ አታልፍምና አልከለክልም። ባለፈው ወር ልጅሽን ያነሣሽው እናታችን፣ ልጅሽ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች ብለሽኛል። ይህችን ያህል ትድረሳት። ደሟን ግን አንድ ቀን ጉበት አይመልሰውም። ከጤና ኬላ የተሰጣትን የብረት ክኒን «ሆዴን አመመኝ» ብላ ሣጥን ውስጥ እንዳትደብቀው ተከታተያት። የማታ እይታዋ ከደከመ ደግሞ ከራሷ ማዘዣ ጤና ጣቢያ ይቅደም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ የቫይታሚን ጠርሙስ ያመጣል፣ ከልቡ ነው። ጠርሙሱ ላይ ሬቲኖል የሚል ቃል ካለበት ያው የጉበቱ ቫይታሚን ነው። ነፍሰ ጡር ጠርሙሱን ይዛ ለነርሷ ሳታሳይ አንዲትም እንዳትውጥ። ለፊት ብጉር የሚዋጥ፣ ከዚሁ ቫይታሚን ዘር የተሠራ ብርቱ መድኃኒትም አለ። ልጃገረዶች ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት ሰምቻለሁ። እሱ ለፅንስ መርዝ ነው፣ በጨዋታ የሚታይ አይደለም።

አራስ ግን፣ የምታጠባ እናት፣ ጉበት የሚገባት እሷ ናት። በእሷ በኩል ወደ ወተቷ፣ ከወተቷም ወደ ሕፃኑ ይሄዳል። ጾሙንም በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን ለአራስና ለነፍሰ ጡር ታዝናለች፣ የንስሐ አባታችሁን ሳትጠይቁ በራሳችሁ ላይ አትጨክኑ።

እስካሁን ስለ ቫይታሚኑ ነው ያወራሁት። የእኔ ሙያ ግን ከዚህ ይጀምራል። ጉበት ጎታ ብቻ ሳይሆን የሜዳው መስታወት ነውና ውኃችን የያዘው ሁሉ እዚያ ይታያል።

ናበጋና ዋገጠራ ያላችሁ እህቶች የጉበት ትልን ታውቁታላችሁ። የትሉ ዕንቁላል ከከብቱ እበት ጋር ይወርዳል፣ ረግረጉ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ትንሿ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፣ ከዚያ ወጥቶ ሣሩ ላይ ይለጠፋል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል። ክረምቱ ሲወጣ የተዋጠው በፋሲካ አድጎ የሐሞት ቱቦ ውስጥ ተቀምጧል። ጉበቱን ስትቆርጡት ቱቦዎቹ እንደ ጅማት ጠንክረው፣ ካራው ላይ አሸዋ የነካ ያህል ኮሽ ይላሉ፣ ጠፍጣፋ ቅጠል የመሰለ ትልም ይወጣል። የበሰለውን በመብላት ሰው በዚህ ትል አይያዝም። ሰው የሚያዘው በአብዛኛው ከረግረግ ዳር የሚለቀም ጥሬ ቅጠል በመብላትና ያልፈላ ውሃ በመጠጣት ነው። የተበላሸው ጉበት ግን ለምግብ አይሆንም። ጥቂት ቦታ ብቻ ከሆነ ያን ክፍል አስፍቶ ቆርጦ መጣል ይቻላል፣ ከተዛመተ ሁሉም ይጣል። «ሦስት ኪሎ እንዴት ይጣላል?» እንዳትሉኝ። የጉበት ትል መድኃኒቱን በሬው ገና ሲደልብ በጊዜ ብትሰጡት ኖሮ አይጣልም ነበር።

በመድኃኒትም ቢሆን ጠንቀቅ በሉ። ትል ማስወገጃውም፣ መርፌውም ከከብቱ ሰውነት ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ የሚታገሱት ቀን አለው፣ መድኃኒቱ ላይ ተጽፏል። ጉበት መድኃኒት የሚጣራበት ቦታ ስለሆነ ቅሪቱም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆያል። በሬውን ስትገዙ ሻጩን «መቼ ነው የተወጋው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለቤቱ ከተጠራጠረ ወይም ዓይኑን ካዞረ ሌላ በሬ ፈልጉ።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከብት ከትቤ ስመለስ አንድ ቤት በግ ታረደልኝ። ለእኔ ክብር ነው የታረደው። አባወራው ጉበቱን አንሥቶ ሲያገላብጠው ውሃ የቋጠረ እባጭ፣ የዋንዛ ፍሬ የሚያህል፣ ሁለት ቦታ አየሁ። እሱም አየው። በካራው ጫፍ ፈንቅሎ አወጣና ለውሻው ወረወረለት። የቀረው ለዱለት ተከተፈ።

እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። ያ ከረጢት የሚያድገው ከውሻ ከሚመጣ ትል ነው። ውሻው ከረጢቱን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን ትሎች ይሆናሉ፣ ዕንቁላላቸው ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩም ላይ ይቀራል። ልጅ ውሻውን አቅፎ ሳይታጠብ ሲበላ ዕንቁላሉ ወደ እሱ ይገባል፣ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ቀስ እያለ ያድጋል። ጉበቱን የበላው ሰው አይደለም የሚያዘው፣ ከውሻው ጋር የሚጫወተው ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ልጅ ነበርኩ፣ ሴት ነበርኩ፣ እንግዳ ነበርኩ፤ የታረደልኝን አባወራ በገዛ ደጁ «ተሳስተሃል» ማለት ከበደኝ። ዱለቱን በላሁ፣ መርቄም ወጣሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያ ቤት ሴት ልጅ ሆዷ አብጦ ሆስፒታል ገባች። ከጉበቷ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በቀዶ ጥገና ወጣላት። ድና ወጣች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ቀን የመጣ ነው ብዬ አልምልም። ውሻው ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ በልቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያን ቀን አፍ ነበረኝ። በኋላ በቄራ ሥራዬ ላይ ጉበት ስጥል ነጋዴዎች «ይቺ ሴትዮ ጨካኝ ናት» ሲሉኝ ያልመለስኩላቸው በዚያ ምክንያት ነው።

ስለ ጥሬውም ባጭሩ ልናገር። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ ከአያቶቻችን ጀምሮ የሚታወቅ ነው፣ መራራውንም የጠጣን አለን። በጥሬ ጉበት ላይ ደግሞ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጡ ተሕዋስያን ይጨመራሉ፣ ለአራስና ለሕፃን ይከፋሉ። «ሲበስል ኃይሉ ይጠፋል» የሚባለው ልክ አይደለም። ቫይታሚን ኤ በማብሰል ጥቂት ቢቀንስ ነው። እኔን ያዳነኝ የአያቴ ጉበት ፍም ላይ የበሰለ ነበር። ውስጡ የደም ቀለም እስኪጠፋ ይብሰል፣ አይረር። የጠበሰበት ቅቤም አይደፋ፣ ቫይታሚኑ ወደ ቅባቱ ይገባልና በእንጀራ ይጠረግ። በድንገት የሞተን ወይም ታሞ በጥድፊያ የታረደን ከብት ግን በስሎም፣ ጠብሶም፣ በምንም መንገድ እንዳትነኩት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሳትከፍቱት ባለሙያ ጥሩ።

እንግዲህ ለፋሲካው በሬ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፣ ብትቀበሉት በቃለ ጉባኤ ይግባ። ጉበቱ ከቅርጫው መደብ ይውጣ። ለሚያርዱት ወንድሞቻችን በምትኩ ከሥጋው ይጨመርላቸው፣ ሊቀመንበሯ አስቀድማ ታነጋግራቸው፤ በዕለቱ ካራ ከተያዘ በኋላ የሚነገር ነገር አይሰማም። ሲወጣ እኔ እየቆረጥኩ አያለሁ። ደህና ከሆነ፣ ባለፈው ዓመት በድጋፍ ገንዘብ በገዛናት የቅቤ መመዘኛ ሚዛን እንመዝነዋለን። በመዝገባችን ላይ አሥራ አንድ የሚያጠቡ እናቶች አሉ፣ ለእያንዳንዳቸው 100 ግራም፣ በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ቀን የሚበላ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላሉት ልጆች አንድ የሾርባ ማንኪያ የተከተፈና በደንብ የበሰለ፣ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ተፈጭቶ በገንፎው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ። «ጥሩ ነው» ተብሎ ለሁለት ዓመት ልጅ መዳፍ ሙሉ በየቀኑ አይሰጥም፤ ለእሱ በቀን ከ600 ማይክሮግራም እንዳይዘወተር ነው የሚመከረው። ማንኪያዋ በሳምንት አንዴ ከሆነች ጠብታ የወሰደውንም ልጅ አትጎዳውም። የቀረውን ጠብሰን አብረን እንቀምሳለን፣ ወንዶቹም ይጠሩ። ሙስሊም እህቶቻችን ለአረፋ በሚያርዱበት ጊዜ ከፈለጉኝ በዚያው መንገድ መጥቼ አያለሁ።

ከተበላሸ ደግሞ ጉድጓድ አስቀድሞ ይቆፈር፣ ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው፣ ወገብ የሚደርስ። ማን እንደሚቆፍረው አሁን እንወስን፣ በበዓል ቀን ቆፋሪ አይገኝም። ካራና መጥበሻ እኔ አመጣለሁ፣ ፍሙን ከእናንተ ቤት።